የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ሙስሊም፤ መሐመድ አሚን

“ሰባ ሰባት” ሲባል የሐይቅና የአምባሰል ሰው የቱ ዘመን እንደሆነ አይጠይቅም። ከሐይቅ ተነስቶ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልዲያ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም ያደርሳል። የወገኖቻችንን ስቃይ ዓለም ያየው እዚያ በተነሳ ፊልም ነው። ፊልሙን ያነሳው መሐመድ አሚን የተባለ ኬንያዊ ሙስሊም ነበር።

መሐመድ በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ተወልዶ ዳሬሰላም አደገ። በተማሪነቱ እጁ የገባች አሮጌ ካሜራ የዕድሜ ልክ እንጀራው ሆነች። በሃያ ዓመቱ ገደማ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከካሜራማንነት አልፎ የቴሌቪዥን ፊልም አዘጋጅና ፕሮዲዩሰር፣ የቪስኒውስ ዜና ድርጅትም የአፍሪካ ኃላፊ ለመሆን በቃ። የሐጅን ሥርዓት መካ ድረስ ሄዶ በማንሳት መጽሐፍ አሳትሟል።

የደርግ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ካከበረ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 መሐመድ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ያዘጋጀው ዘገባ ታየ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። ለቅሶውና ዝምታው በየቤቱ ገባ። የእርዳታ እህል ጎረፈ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የተሰኘው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያ ዘገባ ፍሬ ነበር።

ሥራው ግን ዋጋ አስከፍሎታል። ግንቦት 27 ቀን 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የድምፅ ባለሙያ ባልደረባው ሞተ፤ እርሱም ግራ እጁን አጣ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ቤተሰቡም የድርሻውን ከፍሏል። ልጁ ሳሊም አሚን ስለ አባቱ በሠራው ዘጋቢ ፊልም፣ ዓለም ያወቀውን አባት ቤቱ ብዙ ጊዜ ያጣው እንደነበር ያሳያል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ነዳጅ በመጨረሱ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ፤ መሐመድ አሚን አንዱ ነበር።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬ ካሜራ በየኪሳችን አለ። የተራበን ሰው ፊት ማንሳት ግን አማና ነው። ያነሳነው ለማን ጥቅም እንደሆነ እንጠየቅበታለን። መሐመድ አሚን ያነሳው ፊልም ለተራበው እህል ይዞ ተመልሷል። አላህ ይዘንለት።