የውሃ ሀብት የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የደቡብ ወሎ ደጋ

በኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሳይቋጭ የቆየ ጥያቄ አለ። ምሩቁ ትልቁን ወንዝ የሚገድብ መሐንዲስ ይሁን ወይስ ጅረቱ ከሚነሳበት ተዳፋት ጀምሮ አፈሩንና እርሻውን አብሮ የሚያይ ባለሙያ? ጥያቄው በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ፣ አቀስታ ላይ ሲደርስ የሚጨበጥ መልክ ይይዛል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የለጋምቦ ደጋ ውሃውን ለሁለት ይከፍላል፤ ከፊሉ በበሽሎ፣ ከፊሉ በወንጭትና በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። የበሽሎ ተፋሰስ ብቻውን ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ውሃ የሚሸኘው ደገኛ ግን ገብሱን የሚዘራው በልግን ተማምኖ ነው፤ በልጉ ሲቀር በገደል ሥር የሚያልፈው ወንዝ አይደርስለትም።

ትምህርቱ የተጀመረው ከወንዙ በኩል ነው። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግድብና መስኖ የሚሠሩ መሐንዲሶችን ያፈራ ነበር፤ የ1977ቱ ድርቅ ገና ትኩስ በነበረበት ወቅት ከዚህ ሌላ ሊጠበቅ አይችልም። ቆይቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት ኢንስቲትዩትን ሲያቋቁም የትምህርቱ ዘርፍ ሰፋ።

ለደቡብ ወሎ የሚቀርበው ግን የባሕር ዳሩ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተፋሰስ አስተዳደርና በሃይድሮሎጂ የሚሰጠውን የማስተርስ ትምህርት ባሕር ዳር ድረስ አመጣ። ዲግሪው የኮርኔል ቢሆንም የጥናቱ መስክ እዚሁ አገር ነበር፤ ተማሪዎች ከሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ ከደሴ በስተደቡብ ያለው ማይባር ነው። ማይባር ላይ የበርን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር በጋራ ያካሄዱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ 113 ሄክታር ገደማ በምትሆን ተፋሰስ ውስጥ ዝናቡን፣ የጅረቱን መጠንና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ሲመዘግብ ቆይቷል።

ከዚህ መዝገብ የወጣው ውጤት የተለመደውን አስተሳሰብ ነቅንቋል። ጎርፍ የሚነሳው ዝናቡ አፈሩ ሊመጥ ከሚችለው በላይ ስለሚፈጥን ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በደጋው ግን አብዛኛው አፈር የተለመደውን ዝናብ መምጠጥ ይችላል፤ ጎርፉ በብዛት የሚመነጨው ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ውሃ ከሚጠግበው ከሸለቆው ግርጌና አፈሩ ከተራቆተው ጥግ ነው። በአንጻሩ ጎርፉ በብዛት አፈር የሚሸከመው ክረምቱ ሲገባ፣ ማሳው አዲስ ታርሶ ሳለ ነው። እርከን ተዳፋቱ ላይ ብቻ መደርደር የማይበቃው ለዚህ ነው።

ማንኛውም የማስተርስ ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር በራሱ ልኬት ብቻ አይደርስበትም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከሚተርፈው ጊዜ አንድ ክረምት ቢገኝ ነው፤ አንድ ክረምት ደግሞ ስለ በልግ መቅረት ምንም አይናገርም። ስለዚህ ተማሪው መዝገብ ወዳለበት ይሄዳል። የወንዝ መለኪያ በብዛት የሚተከለው መኪና በሚደርስበት፣ በድልድይ አጠገብ በመሆኑም ከመንገድ የራቀው ጅረት ሳይጠና ይቀራል። ማይባር ራሱ የሚፈሰው ወደ ቦርከና፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው፤ የበሽሎን ወገን ሙሉ በሙሉ ሊወክል አይችልም።

ሕጉ ከሥርዓተ ትምህርቱ ቀድሞ የትንሹን ውሃ ነገር አስቧል። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማንኛውም የውሃ አገልግሎት ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። በለጋምቦ ይህ ማለት ከሁሉ በፊት ምንጭ ማጎልበትና የምንጩን ራስጌ መጠበቅ ነው፤ ይህ ግን ለምረቃ ጽሑፍ ርዕስነት ከግድብ ያነሰ ማዕረግ ያለው ይመስላል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓስ ስላለው ጅረቶቹ ደጃፉ ላይ ናቸው። ከትምህርት ክፍል ስም ይልቅ የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ተፋሰስ መርጦ ዝናብ መለኪያና የጅረት መለኪያ መትከል፣ በየቀኑ አንብቦ የሚጽፍ የአካባቢ ሰው መቅጠር፣ ደመወዙንም በፕሮጀክት ዕድሜ ሳይሆን በመደበኛ በጀት መያዝ ነው።