ዝዋይ፦ የአቃቂ ሰው የሚያልፈው ደሴት

ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው የደሴት ሽርሽር ሩቅ አይደለም። በቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ አድርጎ ባቱ፤ አለቀ። ዝዋይ ሐይቅ እዚያው ከተማው ጥግ ነው።

ደሴቶቹ አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። በትልቁ በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት እዚህ ቆይታለች ይባላል። ነዋሪዎቹ ዛዮች ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ቀሪውን አስጎብኚው ይነግራችኋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ውኃው ነው። አንዱን የሠፈሬን ሰው ዳሩ ድረስ ብወስደው ቡናማውን ውኃ አይቶ «ይሄማ የእኛው ወንዝ ነው!» ብሎ ወደ ሐዋሳ እንንዳ አለኝ። አልፈርድበትም፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚሸከመውን የአቃቂን ወንዝ እያየ ያደገ ሰው ቀለሙ የተለወጠ ውኃ አያምንም። የዝዋይ ቡናማነት ግን ከጥልቀት ማነስ የመጣ ነው። ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ውኃ የተሞላ ትሪ በሉት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ወለሉ ድረስ ወርዶ ደለሉን ይበጠብጠዋል፤ የመቂና የቃጠር ወንዞችም አፈር ይጨምሩበታል። በዚያ ላይ ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። ስለዚህ ወደ ደሴቱ በጠዋት ተሻገሩ፤ እስከ ቀትር ተኝቶ ሲያበቃ በማዕበሉ የሚያማርር ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።

እውነተኛው ስጋት በቀለም አይታይም፤ ከዳር ካሉት የአበባና የአትክልት እርሻዎች የሚወርደው ኬሚካል ነው። ቢልሃርዚያም ስላለ አትዋኙ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ እዚህ ድረስ ተጉዞ የዓሣ ጉላሽ የሚያዝ ሰው አይገባኝም። ጉላሽማ አቃቂም አለ! ቆሮሶ እዘዙ፤ ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰውን። የተተለተለበት ምክንያት አለው፦ ዘይቱ ውስጡ ድረስ ገብቶ ቀጫጭኑን አጥንት ያደርቀዋል፤ ሥጋው በጣት ሲነካ ይላቀቃል። ሎሚ ጨመቅ፣ ዳጣ ነካ አድርጎ በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ የሚጠይቅ እሾኩን ይዋጥ።

ወደቡ ላይ የዓሣውን ትርፍራፊ አባ ኮዳዎቹ ተሻምተው ይጨርሱታል። የላስቲክ ጠርሙስ የሚጨርስ ወፍ ግን የለምና የያዛችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ።