ቀኑ የቆየ ድራይቨር ሁሉ አርጅቷል?

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ወይም ቪዲዮ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው መፍትሔ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ይገባል። እዚያ «ድራይቨር አዳሽ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ይጠብቀዋል። ፕሮግራሙ በደቂቃ ውስጥ ቀይ ዝርዝር ይደረድርና «ይህን ያህል ድራይቨር አርጅቷል፤ ለማደስ ይክፈሉ» ይላል። የደነገጠ ይከፍላል። ለዚያ ሞዴል ያልተሠራ የግራፊክስ ድራይቨር ከተጫነ ደግሞ ስክሪኑ ሊጠቁር ወይም የብርሃን መቆጣጠሪያው አልሠራ ሊል ይችላል። ደህና የነበረ ማሽን ጥገና ቤት ይገባል።

«ቀኑ የቆየ ድራይቨር የተበላሸ ነው» የሚለው እምነት ከባዶ አልተነሣም። ድራይቨር ዊንዶውስንና እንደ ግራፊክስ ቺፕ ያሉ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያግባባ ሶፍትዌር ነው፤ ስህተትም የደህንነት ቀዳዳም ይገኝበታል። ቺፕ ሠሪዎቹ ኢንቴል፣ ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ይህን የሚደፍኑ እትሞችን በየጊዜው ያወጣሉ።

ቀኑ ግን ዕድሜን አይናገርም።

የኮምፒውተሩን ዕቃዎችና ድራይቨሮቻቸውን የሚያሳየውን የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር የከፈተ ሰው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡ በርካታ ድራይቨሮች ላይ ጁን 21፣ 2006 የሚል ቀን ያገኛል። ማይክሮሶፍት ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ዕቃ እኩል የሚስማሙ ሁለት ድራይቨሮች ሲያገኝ ቀኑ የቅርብ የሆነውን ይመርጣል፤ የማይክሮሶፍቱ የአምራቹን እንዳይተካ ቀኑ ወደ ኋላ ተጎትቷል። ፋይሉ ግን ይታደሳል። ኢንቴልም ለአንዳንድ የቺፕሴት ድራይቨሮቹ ጁላይ 18፣ 1968ን ሰጥቷል፤ ኩባንያው የተመሠረተበት ቀን ነው። የመጀመሪያው ዊንዶውስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ቀን ይዞ «አርጅቷል» ብሎ ገንዘብ መጠየቅ ማታለል መሆኑን ይረዳል።

በፍርሃት መነገድ በሕግም አስጠይቋል። በማርች 2024 ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ ኩባንያዎች፣ ኮምፒውተራችሁ ችግር አለበት እያሉ ሸማቾችን አታለዋል በሚል የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ላቀረበባቸው ክስ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

«አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ኤንቪዲያ በማርች 2010 ያወጣውን 196.75 የተሰኘ እትም፣ የግራፊክስ ካርዱን ማራገቢያ ያዛባል የሚል ቅሬታ ሲበዛበት ወዲያው አንሥቶታል።

«ማደስ ደካማ ላፕቶፕን ያበረታል» ይባላል። አንዳንድ አዲስ ጌም ይሻሻል ይሆናል፤ ራም ግን አይጨምርም።

«የሚሠራን አትንካ» የሚለው ምክርም የደህንነት ማስተካከያ በወጣ ጊዜ ይጎዳል።

ማደስ ካስፈለገ መጀመሪያ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ የሞዴሉን ስም ጽፎ መፈለግ ይሻላል፤ አምራቾች ድራይቨሩን ለራሳቸው ማሽን ስለሚያስተካክሉት ኢንቴልም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ከዚያ የቺፑ ሠሪ ድረ ገጽ አለ። አዲሱ ካስቸገረ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ለአንዱም ክፍያ አይጠየቅም።