ያውቁ ኖሯል? የቺካጎ ደባል ጣቢያዎች

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ ውስጥ «ዝቅተኛ ኃይል» የሚባሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአየር ሞገድ ላይ የሚኖሩት እንደ ደባል ነው። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲፈቅድላቸው፣ ትልቁን ጣቢያ እንዳይረብሹ፣ ትልቁ ቢረብሻቸው ግን ችለው እንዲኖሩ ደንግጎ ነው።

የጉልበታቸው ጣሪያ በዩኤችኤፍ 15 ኪሎዋት ነው። አራት ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው፤ ያውም አንቴናው አጠናክሮት። ትልቁ ጣቢያ እስከ 1,000 ኪሎዋት ይፈቀድለታል። ደግነቱ ሕጉ ዋቱን እንጂ የአንቴናውን ከፍታ አይገድብም። እንደ ቺካጎው ዊልስ ታወር ያለ 442 ሜትር ሕንፃ ባለበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስማቸውስ? ብዙዎቹ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ከሆኑ «ደብልዩ»፣ በስተምዕራብ ከሆኑ «ኬ»፣ ከዚያ የቻናል ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ፊደል። የመኪና ታርጋ እንጂ የጣቢያ ስም አይመስልም።

በ1999 የወጣ ሕግ ለአንዳንዶቹ ከደባልነት መውጫ ሰጠ፦ በቀን 18 ሰዓት የሚያሠራጭና በሳምንት 3 ሰዓት ያህል እዚያው አካባቢ የተሠራ ዝግጅት የሚያቀርብ ጣቢያ «ክላስ ኤ» ተብሎ ከለላ አገኘ።

ዛሬ መላ አሜሪካ የሚያየው የቆዩ ድራማዎች ቻናል ሚቲቪ ያደገው ቺካጎ ውስጥ በእንዲህ ያለ ትንሽ ጣቢያ፣ በቻናል 23 ነው። አገር አቀፍ የሆነው በታኅሣሥ 2010 ነው።

የሚገርመኝ ግን በሬዲዮ የሚሰማው ቴሌቪዥን ነው። አናሎግ ቻናል 6 ድምፁን የሚልከው በ87.75 ሜጋኸርዝ ነበር፤ የኤፍኤም ሬዲዮ ደግሞ 88 ላይ ይጀምራል። መርፌውን ወደ ግራ ጥግ የገፋ ሰው ቴሌቪዥኑን መኪናው ውስጥ ያዳምጣል! ብልጦቹ ይህን አይተው ምስሉን ለይስሙላ ትተው ሬዲዮ ከፈቱ። ቺካጎ ላይ በ87.7 ለስላሳ ጃዝ ተሰምቷል፣ ሮክ ተሰምቷል፣ የስፖርት ወሬ ተሰምቷል፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሚቲቪ ኤፍኤም የቆዩ ዘፈኖችን ይዞ ገባ። ዝቅተኛ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች አናሎግን በሐምሌ 2021 እንዲዘጉ ሲታዘዙ ይህም ያበቃል ተብሎ ነበር። አላበቃም፤ ምስሉን በዲጂታል እየላኩ ድምፁን በአናሎግ የሚቀጥሉበት ዘዴ ተገኘ። ኮሚሽኑም በ2023 የነበሩት እንዲቀጥሉ፣ አዲስ ግን እንዳይጨመር ወሰነ።

ደባልነቱ የመረረው በ2017 ነው። መንግሥት ከቻናል 38 እስከ 51 ያለውን ሞገድ በጨረታ ለስልክ ኩባንያዎች ሲሸጥ፣ ወደ ሌላ ቻናል ለሚዛወሩት ትልልቅ ጣቢያዎች የዕቃ ማጓጓዣ ገንዘብ ተቆረጠላቸው፤ ትንንሾቹ ግን መዛወሪያውን በራሳችሁ ፈልጉ ተባሉ። ኮንግረስ በገንዘብ ያስታወሳቸው በ2018 ነው።

ትልቅም ሆነ ትንሽ ጣቢያ የማይገባበት አንድ ክፍል አለ፦ ቻናል 37። በ1963 ዝግ እንዲሆን የተወሰነው ከቺካጎ በስተደቡብ፣ ዳንቪል አጠገብ፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የከዋክብትን ድምፅ የሚያዳምጠው በዚያው ሞገድ ስለነበር ነው። ዛሬ ከጠፈር አጥኚዎቹ ሌላ የሆስፒታል በሽተኞች የልብ ምት መከታተያ ይጠቀምበታል።