በተግባራዊ ሒሳብ ትምህርት ስለ መመረቂያ ግዴታና ስለ ማዕርግ

የምረቃ ጊዜ ሲቃረብ በፔዳ ግቢ መኝታ ቤቶች የሚሠራው ሒሳብ በክፍል ከምንሠራው ይበዛል። ወረቀት ይዞ «3.25 እደርሳለሁን?» እያለ የማይደምር የለም። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራው ያሰብነው ይህንኑ ድምር ነው፤ የሒሳብ ተማሪ ሆኖ የራሱን አማካይ አለመመርመር ያሳፍራልና።

ግዴታው አጭር ነው። ተማሪው የታዘዙለትን ኮርሶች መፈጸም፣ ኤፍ ይዞ አለመቅረት፣ ጠቅላላ አማካዩንም ሆነ የዋና ትምህርቱን አማካይ ከ2.00 አለማሳነስ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ከመቶ 50 ያላገኘ ዲግሪውን አይቀበልም። ይህ ፈተና ከአማካዩ ጋር አይደመርም። ስለዚህ 3.80 ይዞ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ፣ 2.05 ይዞ ላለፈው ጓደኛው ከእንግዶች መካከል ተቀምጦ ያጨበጭብለታል።

ማዕርጉ ሦስት ደረጃ አለው። ከ3.25 ጀምሮ በማዕርግ፣ ከ3.50 ጀምሮ በከፍተኛ ማዕርግ፣ ከ3.75 ጀምሮ በእጅግ ከፍተኛ ማዕርግ ይባላል። ይህ አሜሪካኖች በላቲን ቃል ከሚጠሯቸው ሦስት ደረጃዎች ጋር ይቀራረባል። የነጥቡ እርከን ግን እኩል አለመሆኑን አስተውሉ፤ ቢ 3፣ ቢ ፕላስ 3.50፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ኤ 4 ነው። ከቢ ወደ ቢ ፕላስ መውጣት ግማሽ ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ሩብ ብቻ ያስገኛል። ሁልጊዜ ቢ የሚያመጣ 3.00 ላይ ይቀራል፤ የክሬዲቱን እኩሌታ ወደ ቢ ፕላስ ቢያሳድግ ልክ 3.25 ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው የአንደኛ ዓመት ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ከተመለሰ ጀምሮ ተማሪው ወደ ሒሳብ ክፍል ሳይገባ የተማረው ጂኦግራፊና ሳይኮሎጂ ሁሉ ከአማካዩ ይቆጠራል። የክፍል ምደባ ሲደረግ ነጥቡ ከፍ ያለው ቀድሞ ይመርጣል፤ ሒሳብን አስቀድሞ የሚመርጥ ደግሞ ጥቂት ነው፤ (እኛም ራሳችን ሁላችን ወደን አልገባንም)። እንግዲህ አንድ ተማሪ በጠቅላላው 130 ክሬዲት ይማራል፣ የመጀመሪያውን 30 ክሬዲት በ2.40 ጨርሷል እንበል። 72 ነጥብ ይዟል ማለት ነው። ለ3.25 የሚያስፈልገው 422.5 ነው፤ የጎደለውን 350.5 ለቀረው 100 ክሬዲት ስናካፍል 3.505 ይወጣል። ይህ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በከፍተኛ ማዕርግ ልክ ተምሮ የሚቀበለው የመጀመሪያውን ማዕርግ ነው። ስሙ ሲጠራ ግን ይህን የሚያውቅለት የለም።

በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን አስቸጋሪውን የምርጫ ኮርስ እንሸሻለን፤ የመመረቂያ ጥናታችንንም መጽሐፍ ውስጥ ተፈትቶ ካለቀ ጥያቄ እንወስዳለን። ጣና ግን ከደጃችን ነው። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከፍታው አንድ ሴንቲ ሜትር ሲለወጥ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ተለወጠ ማለት ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡትን ከዝናሙ ጋር ደምሮ፣ ከዚያ ላይ ትነቱን፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በጨረጨራ ግድብ እየተመጠነ ወደ ዓባይ የሚወጣውንና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዋሻ ወደ በለስ የሚሄደውን መቀነስ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በትነቱ ግምት ላይ የአንዲት ሴንቲ ሜትር ስሕተት ብትኖር መልሱ ምን ያህል እንደሚናጋ ከላይ ያለው ቁጥር ያሳያል። የእንቦጭ መስፋፋትም እንዲሁ ከዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ክፍል ወጥቶ የሚፈተን ነገር ነው።

ይህን የመረጠ ተማሪ የልኬት መዝገብ ሲለምን ወራት አልፈውበት በኤ ፈንታ ቢ ሊያገኝ ይችላል። ጥናቱ 3 ክሬዲት ቢሆን ከ130 ክሬዲት አማካይ ላይ የሚቀንስበት 0.023 ነው። 3.30 ያለው ይህን ይችለዋል፤ 3.26 ያለው ግን ወደ 3.237 ወርዶ ማዕርጉን ያጣል። ከእኛ አንዱ በ3.26 ላይ ሳለ ጣናን መርጧል። ምክር ሲጠይቀን ድምሩን ሠርተን አሳየነው እንጂ ተው አላልነውም። አስተማሪዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጥናቱ ርእስ ከነጥቡ ጎን በውጤት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።