ለማንሣት ያልተሠራ ክሪክ

የተጣመመ ማረጋጊያ ክሪክ ለጥገና ሲመጣ ባለንብረቱ መጀመሪያ የሚያማው ብረቱን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ብረቱ በደል የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ለሽርሽር በሚጎተቱ ቤቶች አራት ማእዘን ሥር የሚታሰሩት እነዚህ ክሪኮች፣ ጎማ ለመቀየር ከምንጠቀምበት መቀስ መሰል ክሪክ ጋር መልካቸው አንድ ነው፤ እጀታቸው ሲዞርም እውነትም ቤቱን ወደ ላይ መግፋት ይጀምራሉ። ዓላማቸው ግን በጎማው ላይ በልኩ የተቀመጠ ቤት ሰው በተራመደበት ቁጥር እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ጎማው፣ አክስሉና መጎተቻው ላይ የተተከለው የፊት ክሪክ ናቸው። ይህ የሥራ ክፍፍል ሲጣስ ጉዳቱ ከክሪኩ አልፎ ሻንሲው ድረስ ይሄዳል።

በከባድ መኪና ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖቻችን እዚህ አገር ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ እነሱን ደግሞ ልምዳቸው ራሱ ሊያሳስታቸው ይችላል። ከጎታቹ የተላቀቀ የጭነት ተሳቢ የፊት ክብደቱን የሚጥለው በሁለት እግሮቹ ላይ ነው፤ እግሮቹም ለዚያው የተሠሩ ናቸው። በተጎታች ቤት የእነሱን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ክሪክ እንጂ የማእዘኖቹ አይደሉም። የቤቱ ኋላ ከአክስሉ ወዲያ ተንጠልጥሎ የሚቀር በመሆኑ፣ አንዱን ማእዘን ብቻ ወደ ላይ መግፋት ሻንሲውን መጠምዘዝ ነው። ምልክቱ የሚታየው ላይ ነው፦ በሩ መዝጊያው ላይ አልገጥም ይላል፣ መሳቢያ ይነክሳል፣ የመስኮቱ ጥግ ላይ ያለው ማሸጊያ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ዝናብ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ሲያበሰብስ ክሪኩን የሚያስታውሰው የለም።

«ክሪኩ 5000 ፓውንድ ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቤቱ በሙሉ 6000 ፓውንድ ቢሆን ነው፤ ታዲያ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ክርክር አለ፤ የዋዛ ክርክርም አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ጭነቱ ቀጥ ብሎ ከላይ ሲያርፍበት ክሪኩ ራሱ ስለሚችለው ነው። ክሪኩ ስለታሰረበት ቡሎን፣ ስለ ሻንሲው ጫፍና ስለ ቆመበት አፈር ምንም አይናገርም። አፈሩን ብቻ እናስላ። የክሪኩ እግር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ 500 ኪሎ ቢያርፍበት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ይመጣል። ዝናብ የጠጣ ሣር ይህን አይሸከምም፤ በቀትር ፀሐይ የለሰለሰ አስፋልትም ይሰረጉዳል። ከሥሩ 30 በ30 የሆነ ወፍራም ጣውላ ሲገባ ግን ጫናው ከ0.6 ኪሎ በታች ይወርዳል። ከውድ ክሪክ ይልቅ ቁራጭ ጣውላ ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

ቤቱን በውሃ ልክ ማስተካከል ራሱን የቻለ፣ መቅደምም ያለበት ሥራ ነው። ዝቅ ባለው ወገን ባሉት ጎማዎች ሁሉ ሥር ጣውላ ይነጠፋል፣ ቤቱ ተጎትቶ ይወጣበታል፣ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸዋል፤ ከጎታቹ ከተላቀቀ በኋላ የፊትና የኋላው ልዩነት በፊት ክሪክ ይስተካከላል። የማእዘኖቹ ክሪኮች የሚወርዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል የሚጥሰው ለማቀዝቀዣው አስቦ ነው፤ ሐሳቡ ልክ ነው፣ መሣሪያው ግን ተሳስቷል። ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስቶክሆልም ተማሪዎች በ1922 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት በሙቀት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ፓምፕ የለውም፤ የአሞኒያው ፈሳሽ በቱቦዎቹ የሚወርደው በስበት ነው። ቤቱ አጋድሎ ሲቆም ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቋጥራል፣ ማፍያው ያለ ፈሳሽ ይግላል። አዳዲሶቹ በባትሪ የሚሠሩ ባለ ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዣዎች ይህን ያህል አያስቸግሩም።

ሌላው ተቃውሞ «እስከ መጨረሻው አጥብቄውም ይወዛወዛል» የሚለው ነው። ይህ የሚሆነው ውዝዋዜው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ባሌስትራውና የጎማው አየር ሲረግጧቸው የሚፈጥሩትን የላይና የታች ንቅናቄ ክሪኩ ይቀንሳል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋውን የጎማ መሽከርከር ግን መቀስ መሰል ብረት አያቆመውም፤ ያንን የሚያቆመው ታኮ ነው፣ ሁለት አክስል ባለው ቤት ደግሞ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተወጥሮ የሚገባው ማገጃ። አገር ቤት ረዳቱ መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ድንጋይ የሚያደርገው ያለ ነገር አይደለም። የአጠባበቁ ልክም የሚታየው ጎማው ላይ ነው፦ እግሩ ጣውላውን ነክቶ እጀታው ጠንከር ሲል ይበቃል። መሬት ላይ ያረፈው የጎማ ሆድ እብጠቱ መጉደል ከጀመረ፣ ማረጋጋቱ ቀርቶ ማንሣት ተጀምሯል ማለት ነው። በድሪል የሚያዞር ሰው ይህን በእጁ አይሰማውም፤ ስለዚህ ዓይኑ ጎማው ላይ ቢሆን ይሻላል፤ የመጨረሻዋንም ዙር በእጅ። «ራሱ የሚያስተካክለው ሃይድሮሊክ ጎማውን አንሥቶ የለም ወይ?» ለሚለኝ፣ አዎን ያነሣል፤ ያ ግን ለማንሣት ተሰልቶ በዋናው የሻንሲ ብረት ላይ የተተከለ ሌላ ዕቃ ነው።

ጣውላው ሌሊቱን ትንሽ ስለሚሰምጥ በማግስቱ ጠዋት እጀታውን ነካ ማድረግ ያስፈልጋል። ለመነሣት ሲታሰብ ደግሞ አስቀድመው የሚሰበሰቡት የማእዘኖቹ ክሪኮች ናቸው። እነሱ ሳይነሡ ቤቱን ከጎታቹ ጋር ለማገናኘት ፊቱ ከፍ ቢደረግ ኋላው ይወርድና ክብደቱ በኋለኞቹ ላይ ይጫናል፤ ለጥገና ከሚመጡት ክሪኮች ከፊሉ የሚጣመመው በዚህች ሰዓት ነው። ታኮው የሚነሣው ቤቱ ከጎታቹ ጋር ከተቆለፈ በኋላ ነው።