ትሉና ቫይረሱ በአንድ ጉበት

የጉበት ሕመም ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ዓይንን ነው፤ ቢጫ ካልሆነ ጉበቱ ደህና ነው ይባላል። ይህ መለኪያ ለሄፓታይተስ እንኳ አስተማማኝ አይደለም፤ ለቢልሃርዝያ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ከጣና ዳርቻ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ያለ ሰው የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ እግር ቆዳ እንደሚገባ ሰምቷል። እምብዛም የማይነገረው ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ነው። ወንዱና ሴቷ እንደተጣመሩ በአንጀት ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቷ በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ከሰገራ ጋር ሳይወጣ የቀረውን እንቁላል ደሙ እየገፋ ጉበት ያደርሰዋል፤ እዚያም ቀጫጭን ሥሮች ላይ ይቀረቀራል። ሰውነት በመከላከያ ሕዋሳት ይከበዋል፤ ቁጣው ሲበርድ ጠባሳ ይቀራል። ካይሮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሲመርስ እ.ኤ.አ. በ1904 ይህን ጠባሳ ሲገልጽ ጉበቱን የወጋ የሸክላ ፒፓ ዘንግ አስመስሎታል። ጠባሳው የሚከበው ሥሩን ነው፤ የጉበቱ ሕዋስ በአብዛኛው ይተርፋል። ስለዚህ የደም ምርመራው ደህና እየመሰለ ደሙ መንገድ ይዘጋበታል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ የጉሮሮ ቧንቧ ሥሮች ይወጠራሉ። አንዳንዱ ታማሚ በሽታውን የሚያውቀው ደም ሲያስታውክ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የሚገባው ትሉ ወዳልነካው ሕዋስ ነው። የቢልሃርዝያ ታማሚ ብዙ ደም ፈስሶት እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያገግመው ሕዋሱ ጤነኛ ስለሆነ ነው፤ ቫይረሱ ይህችን መጠባበቂያ ይወስድበታል። የሁለቱን መደራረብ አደገኛ የሚያደርገው በእኔ እምነት ይህ ነው። ትሉ ራሱ የቫይረሱን ጉዳት ያፋጥናል የሚሉ የግብፅ ጥናቶች አሉ። ተቃዋሚዎቹም የሚሉት አላቸው፦ ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቢልሃርዝያ በደም ሥር በሚሰጥ የአንቲሞኒ መርፌ ይታከም ነበር፤ በቅጡ ያልተቀቀለ ሲሪንጅ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ሄፓታይተስ ሲን አዛመተ። ትል የጸናበት ሰው መርፌም በዝቶበታል፤ እናም ጉዳቱን ለትሉ ብቻ መስጠት ይከብዳል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የእኔን ክርክር ግን አይነካውም። አንዱ ሌላውን ባያፋጥነውም፣ ሥሩ የታነቀና ሕዋሱ የሞተ ጉበት ሁለቱንም ጉዳት በአንድነት ይሸከማል።

በዚህ ምክንያት ሰገራ ውስጥ እንቁላል አይቶ ፕራዚኳንቴል ሰጥቶ ካርዱን የሚዘጋ ባለሙያ ሥራውን በግማሽ ትቶታል። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ቫይረሱን አይነካም፤ የቆየ ጠባሳንም ሁልጊዜ አይመልስም። ሰገራው ንጹሕ ሆኖ የተገኘም ቢሆን ነጻ ነኝ ብሎ አይቀመጥ፤ በከረመ በሽታ እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። ጣፊያውና የሥሩ ጠባሳ በአልትራሳውንድ፣ ቫይረሶቹ በደም ምርመራ ይታያሉ። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የሐይቅ ዳር ነዋሪ መመርመር አለበት። የተወጠረ ሥር ከተገኘም ሳይፈነዳ በኢንዶስኮፒ ገብቶ በላስቲክ ማሰር ይቻላል።